«ግባ ተብለሃል»



በነዚህ ገጾች ላይ ስለ ትምህርት ጥራት፣ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ሀገር ዕድገት ብዙ ተጽፏል፤ ገና ብዙም ይጻፋል። እኛ ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ከነዚህ አጠገብ ሲያስቀምጡት በጣም ያነሰ ነው። ነገሩ የአንዲት ቀን ነገር ነው፤ ይኸውም ለሠራተኛ በሳምንት አንድ ጊዜ የምትሰጠው፣ በሥራ ቦታ ቋንቋ «ኦፍ» የምትባለው የዕረፍት ቀን፣ በዋዜማዋ ማታ በአንድ መስመር መልእክት እንዴት ከሰው እጅ እንደምትወጣ ነው። ቀን ተምሮ ማታ የሚያጠና ባልንጀራችን «ይህስ ምኑ ይጻፋል?» ይለን ይሆናል። አንፈርድበትም። ዳሩ ግን በማታውና በቅዳሜ እሑዱ ክፍል ጎን ለጎን ከምንቀመጠው መካከል፣ የወጥ ቤት ሽታ ከልብሱ ሳይለቅ መጥቶ የሚማረው ስንት እንደ ሆነ አንድ ቀን ዞር ብሎ ቢያይ ይበቃዋል።

እኛ አራት ነን። ሽሮ ሜዳ በአንድ ግቢ ተከራይተን እንኖራለን። ሁለታችን በአንድ ሆቴል አስተናጋጆች ነን፤ አንዱ በዳቦ ቤት ይሠራል፤ እኅታችን ደግሞ በአንድ ሱፐርማርኬት ካሸር ናት። የምንሠራባቸውን ቤቶች ስም አንጠራም። ስማቸው ቢጠራ ጥፋቱ የነርሱ ብቻ ይመስላል፤ እኛ ከክፍል ጓደኞቻችን ጠይቀን እንደ ተረዳነው ግን በዚህ ረገድ ቤቱ ሁሉ ጠባዩ አንድ ነው። ደግሞም የወሩ ደመወዝ ገና አልተከፈለንም።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ወረቀት ነው። ቅዳሜ ወደ ማታ የሚቀጥለው ሳምንት ፕሮግራም በወጥ ቤቱ በር አጠገብ ይለጠፋል። በግራ በኩል ስማችን ተደርድሯል፤ ከላይ ከሰኞ እስከ እሑድ ቀኖቹ አሉ፤ በየሣጥኑ ውስጥ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ እየተባለ ይሞላል፤ ከሰባቱ ሣጥን በአንዱ ውስጥ «ኦፍ» ተብሎ ይጻፋል። ሠራተኛው ሁሉ ከወረቀቱ ፊት ተጋፍቶ የሚፈልገው ያችኑ አንዲት ሣጥን ነው። በስልኩ ፎቶግራፍ ያነሣታል፤ ለእናቱ ይደውልባታል፤ ከሐኪም፣ ከመምህር፣ ገንዘብ ካበደረው ሰው ጋር ሳይቀር ይቃጠርባታል። በእኅታችን ሥራ ቦታ ወረቀቱ በሙሉ የሚጻፈው በእርሳስ ነው፤ ላጲሱም በክር ታስሮ ከጎኑ ተንጠልጥሏል። እኛ ይህን ስትነግረን ሳቅን፤ እርሷ ግን አልሳቀችም።

ከዚያ በኋላ ያለው በቴሌግራም ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ አንዳንድ ጊዜም 4 ሰዓት ላይ ስልኩ ይጮኻል። «ነገ ግባ ተብለሃል። ኦፍህ ወደ ሐሙስ ተዛውሯል።» ሌላ ቃል የለበትም።

ይህችን «ተብለሃል» የምትለውን ቃል እንድታስተውሉልን እንለምናለን። አማርኛችን ለትሕትናም ለሽሽትም የሚመች ቋንቋ ነው። «ነገ እንድትገባ ወስኛለሁ» የሚል አለቃ እስከ ዛሬ አላጋጠመንም። ተብለሃል፤ ተዛውሯል፤ ተወስኗል፤ ታዟል። ያለው ማን ነው? ያዛወረውስ? ተቆጣጣሪዋን ስንጠይቃት «እኔ ምን ላድርግ፤ ከላይ ነው» ትላለች። ከላይ ያሉትን ስንጠይቅ «የሽያጭ ክፍል ነው» ይላሉ። የሽያጭ ክፍሉ ደግሞ «እንግዳው ነው» ይላል። እንግዳው ግን ምስኪን ነው፤ የኛ ኦፍ የምትባል ነገር በዓለም ላይ መኖሯንም አያውቅ። በሰዋስው ክፍል ያለ አድራጊ ድርጊት አይገኝም ሲሉ አስተምረውናል፤ በሥራ ዓለም ግን በየማታው ይገኛል።

እውነቱን ለመናገር ተቆጣጣሪዋም ከኛ የተሻለ ዕድል የላትም። የርሷ ኦፍ ከኛ ይልቅ ይሰረዛል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ትእዛዝ ይደርሳትና እስከ 3 ሰዓት ድረስ ስድስት ሰው ፈልጊ ትባላለች፤ ስለዚህ «እምቢ» የማይሉትን ታውቃቸዋለችና ለነርሱ ትጽፋለች። እምቢ የማይሉት ደግሞ አዲስ የተቀጠሩት፣ ከክፍለ ሀገር የመጡት፣ እንደ ኛም ለክፍያ የሚጨነቁ ተማሪዎች ናቸው።

ኦፍ ምን ይሠራበታል? ቤተሰቡ ዘንድ የሚኖር ሰው ሲያስበው እንቅልፍ ነው። እንቅልፍም አለበት፤ አንክድም። ነገር ግን የዕረፍት ቀን ለሠራተኛ ተማሪ የሳምንቱ ዕዳ ሁሉ የሚከፈልበት ቀን ነው። ልብስ ይታጠባል። ልብስ ለማጠብ ውኃ ያስፈልጋል፤ በኛ ግቢ ውኃ የምትመጣው በፈረቃ ነው፤ ማክሰኞና ዓርብ። እንግዲህ ኦፉ ዓርብ የዋለለት ሰው ዕድለኛ ነው፤ ወደ ሐሙስ ሲዛወርበት ግን እርሱና ውኃው በመንገድ ይተላለፋሉ። ሰኞ ዕለት «ሸሚዝህ ለምን ቆሸሸ?» ብላ የምትጠይቀውም ያችው ተቆጣጣሪ ናት። ከኛ የሥራ ፈረቃ ይልቅ የውኃው ፈረቃ የሚታመንባቸው ወራት አሉ ብንል፣ የዚህን ከተማ ውኃ የሚያውቅ ሰው ምን ያህል እንደ ተቸገርን ይገባዋል። የዳቦ ቤቱ ባልንጀራችን ደግሞ ዓርብን የሚፈልገው ለጁምዓ ሶላት ነው። የቡድን ሥራውም አለ፤ አምስት ሰው በቤተ መጻሕፍት ተቀጣጥሮ አንዱ በቀረ ቁጥር የቀሩት አራቱ ይቀየማሉ፤ ከሁለት ጊዜ በኋላ ስሙን ከወረቀቱ ላይ ይሰርዙታል። እነርሱም አልተሳሳቱም።

አሁን ደግሞ የነገሩን ሌላ ገጽ እንይ። ሠራተኛው ራሱ ኦፉን ማዛወር ቢፈልግ ምን ያደርጋል? በሆቴላችን ለዚህ የታተመ ቅጽ አለ። ከሦስት ቀን በፊት ይሞላል፤ ምክንያቱ ይጻፋል፤ ቦታውን የሚተካው ባልደረባ ይፈርማል፤ ተቆጣጣሪዋ ትፈርማለች፤ የፎቁ ኃላፊ ይፈርማሉ፤ ከዚያ በኋላ «ይታያል» ይባላል። አንድ ጊዜ ከመካከላችን አንዱ የአጎቱን ልጅ ክርስትና ምክንያት አድርጎ ሞልቶ ነበር፤ «ክርስትና በቂ ምክንያት አይደለም» ተብሎ ተመለሰለት። ለሠራተኛው ሦስት ቀንና አራት ፊርማ የሚያስፈልገው ነገር፣ ለቤቱ ግማሽ ሰዓትና አንድ መስመር ይበቃዋል። አንድ ቀን በሁለት ወገን ሚዛን ሲመዘን እንዲህ ክብደቱ የሚለያየው ለምንድር ነው? ቤቱ ችግር ሲገጥመው አስቸኳይ ነው፤ እኛን ሲገጥመን «በቂ ምክንያት» መሆኑ ይመረመራል።

ይህን ሁሉ ተቀብለን እንኖር ነበር፤ ባለፈው ኅዳር የሆነው ነገር ባይሆን ኖሮ። የባልንጀራችን እናት በፍቼ ይኖራሉ። የዓይን ሞራ ጋርዷቸው ከቤት ደጃፍ እስከ ምንጩ መሄድ አቅቷቸዋል። በከተማው ካለ አንድ ሆስፒታል ቀጠሮ ለማግኘት ሦስት ወር ተጠበቀ፤ ተገኘ፤ ረቡዕ ሆነ። ባልንጀራችን ደንቡን አክብሮ ከሁለት ሳምንት በፊት ረቡዕ ኦፍ እንዲሆንለት ጠየቀ፤ ቅጹን ሞላ፤ ተፈረመለት፤ ቅዳሜ ዕለትም በወረቀቱ ላይ በስሙ ትይዩ ረቡዕ «ኦፍ» ተብሎ ተለጠፈ። እናቱ ማክሰኞ በአውቶቡስ መጡ። በመሐረባቸው ቆሎ ቋጥረው ለአራታችንም አመጡልን፤ የየአንዳንዳችንን ፊት በእጃቸው ዳሰው በድምፃችን ለዩን። ማታ ሽሮ እየበላን ሳለ ስልኩ ጮኸ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ከሩብ ነበር። «ነገ ጠዋት ግባ ተብለሃል። ስብሰባ አለ፤ 200 ሰው።»

ደወለ። ተቆጣጣሪዋ «ወንድሜ፣ እባክህ፤ ሰው የለኝም፤ ካልገባህ ማስጠንቀቂያ ነው» አለችው። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ የሚሆንበት ነበር፤ የመጀመሪያውን ያገኘውም በእንደዚህ ያለ ቀን «ፈተና አለብኝ» ብሎ በመቅረቱ ነው። የቀረነው ሦስታችን ተያየን። አንዳችን የጠዋት ፈረቃ ገቢ ነን፤ አንዳችን ሌሊቱን ዳቦ ስንጋግር አድረን የምንወጣው ረፋዱ ላይ ነው፤ እኅታችንም ካሸሯን ጥላ የምትወጣበት መንገድ የላትም። በመጨረሻ የአከራያችን ሴት ልጅ እናቱን ይዛ ሄደች። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት፤ ከትምህርት ቤት ቀርታ ነው። ሆስፒታሉ «አስታማሚ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ፈርሞ የሚቀበል አዋቂ ሰው ያስፈልጋል» አላቸው። ይህን በማለቱ አንወቅሰውም። እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ተቀምጠው ጠበቁ፤ ልጃቸው ግን በዚያ ሰዓት የምሳ ሳሕን እያነሣ ነበር። ሌላ ቀጠሮ ተጽፎላቸው ሐሙስ ጠዋት ወደ ፍቼ ተመለሱ። ሲሳፈሩ «ልጄ ሥራህን አክብር» ብለው መረቁት። ከምርቃቱ ይልቅ ቢቆጡት በቀለለው ነበር። ያን ሐሙስ፣ በነገራችን ላይ፣ የተዛወረለት ኦፉ ነበር፤ ተኝቶ ዋለ።

ስለ ስብሰባው ትንሽ እንጨምር። የሁለት መቶ ሰው ስብሰባ በማክሰኞ ማታ ታስቦ ረቡዕ ጠዋት አይደረግም። በኋላ ከእንግዳ መቀበያው ጠይቀን እንደ ተረዳነው አዳራሹ የተያዘው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው፤ ቀብድም ተከፍሎበታል። እንደዚሁ ሁሉ ሌላው ባልንጀራችን የስታቲስቲክስ ፈተናውን ትቶ የተጠራበት የቅዳሜ ሠርግ ከሁለት ወር በፊት የታወቀ ነበር፤ ሙሽሮቹ የወጡበትን ድንኳን፣ የኬኩን ፎቅ ብዛት፣ የናፕኪኑን ቀለም ሁሉም ያውቅ ነበር። አስተናጋጁ ማን እንደሚሆን ብቻ በዋዜማው ታሰበ። ባልንጀራችን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገብቶ አራት መቶ ናፕኪን አጠፈ፤ ሠርገኛው እንደ ወጉ ሦስት ሰዓት ዘግይቶ መጣ። ፈተናው በዚያ መካከል ተጀምሮ አለቀ። አንባቢ ሆይ፣ ብዙውን ጊዜ «ድንገተኛ» የሚባለው ነገር ለአንዱ ወገን ቀድሞ የታወቀ፣ ለሌላው ሳይነገር የቆየ ነገር ነው።

ሕጉ ምን ይላል ብለን ደግሞ ጠየቅን። በሕግ ትምህርት ቤት የሚማር ወዳጃችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ይዞ መጣና አንድ እሑድ ማታ በግቢያችን አብረን አነበብነው። አንቀጽ 69 ማንኛውም ሠራተኛ በሰባት ቀናት ጊዜ ውስጥ ያልተቋረጠና ከ24 ሰዓት የማያንስ የሳምንት ዕረፍት እንዲያገኝ ያዛል፤ ዕረፍቱም በተቻለ መጠን እሑድ እንዲሆንና ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከሚቀጥለው ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ያለውን ጊዜ እንዲጨምር ይናገራል። አንቀጽ 70 እንደ ሆቴል ያለው ለሕዝብ የሚሰጥ አገልግሎት በእሑድ ፈንታ ሌላ ቀን እንዲሰጥ ይፈቅዳል፤ ይህ ተገቢ ነው፤ እሑድ ሆቴሉ ሁሉ ቢዘጋ እኛም ጉርሻ አናገኝም። ዋናው ነገር አንቀጽ 71 ነው። ሠራተኛ በዕረፍት ቀኑ እንዲሠራ የሚገደደው አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም ወይም አስቸኳይ ሥራ ሲኖር፣ ይህም የድርጅቱን መደበኛ ሥራ የሚያሰናክል ሲሆን ነው፤ ከሠራም ምትክ ዕረፍት ይሰጠዋል። በአንቀጽ 68 ደግሞ በሳምንት ዕረፍት ቀን የተሠራ ሰዓት በእጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን የተሠራ በሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈላል። ከዚህ ሁሉ በላይ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ዕረፍትን ከሠራተኞች መብቶች ጋር ቆጥሮታል።

ይህን ይዘን የሰው ኃይል አስተዳደሩን ኃላፊ ጠየቅናቸው። ትሑት ሰው ናቸው፤ ወንበር ሰጡን። «ልጆቼ፣ ኦፋችሁ እኮ አልተሰረዘም፤ ተዛወረ እንጂ። አዋጁ አንድ ቀን ይሰጥ አለ፤ ተሰጠ። የትኛው ቀን ይሁን አላለም።» ወጥተን በደረጃው ላይ ስንወርድ ነው ነገሩ የገባን። «በዕረፍትህ ሠራህ» ቢባል እጥፍ ክፍያ አለ፤ «ዕረፍትህ ተዛወረ» ቢባል ግን ያ ቀን ተራ የሥራ ቀን ሆነ፤ ምንም የለውም። እንግዲህ «ተዛወረ» የምትለዋ ቃል ለቤቱ በየማታው ገንዘብ ታተርፍለታለች። ከተለጠፈ በኋላ፣ በዋዜማው፣ ያለ ፈቃዳችን ሲዛወር ያ ቀን አሁንም የዕረፍት ቀናችን ነው እንላለን፤ እጥፉም ይገባናል እንላለን። ይህ ያከራክራል፤ አከራክሩን።

በጣት እየቆጠርን ሌላም ነገር አገኘን። በአንዱ ሳምንት ኦፍህ ሰኞ ነው እንበል። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ እሑድ ተዛወረ። በየሳምንቱ አንድ አንድ ቀን አግኝተሃል፤ ወረቀቱም ንጹሕ ነው። ነገር ግን ከመጀመሪያው ማክሰኞ እስከ ሁለተኛው ቅዳሜ 12 ቀን በተከታታይ ሠርተሃል። የዳቦ ቤቱ ባልንጀራችን ይህን በምድጃ ፊት አይቶታል፤ በ11ኛው ቀን ክንዱን አቃጥሎ ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ። እንዲህ ያለው ቆጠራ የኛ ሀገር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በፖርቱጋል በካዚኖ የሚሠራ አንድ ሰው ሰባተኛውን ቀን በተከታታይ በመሥራቱ ከስሶ፣ ነገሩ እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ፍርድ ቤቱ በኅዳር 2017 እ.ኤ.አ. የሰጠው መልስ ዕረፍቱ በሰባቱ ቀን ውስጥ እስከ ተሰጠ ድረስ የግድ ከስድስት የሥራ ቀን በኋላ ወዲያው መሆን የለበትም የሚል ነው። ስለዚህ በዚያም በሕጋቸው 12 ቀን ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። ሠልጥኗል የሚባለው ዓለምም እንደኛ በጣቱ ይቆጥራል።

እዚህ ላይ ከጉዳያችን ጥቂት ወጣ ብንል አንባቢ ይታገሠናል። በሀገራችን የዕረፍት ቀን የቀልድ ነገር ሆኖ አያውቅም። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በ14ኛው መቶ ዓመት የቅዳሜ ሰንበት ይከበር ብለው ተከራክረው፣ ከሀገር ወጥተው በአርመን ምድር ነው ያረፉት። ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1450 እ.ኤ.አ.፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ቅዳሜም እሑድም እንዲከበሩ ተወሰነ። ትውልድ ተከራክሮበት የተወሰነ ነገር ነው። ከገጠር የመጣነው ሁላችን እንደምናውቀው ገበሬው በወር ውስጥ የማይሠራባቸውን ቀኖች በቃሉ ያውቃል፤ በ12 ሚካኤል ነው፤ በ21 ማርያም ናት፤ በ29 በዓለ ወልድ ነው። የድሮው ባለርስት ጨካኝ ነበር ተብሎ በዚሁ መጽሔት ወላጆቻችን ዘመን ብዙ ተጽፏል፤ ጨካኝም ነበር። ዳሩ ግን የ21ን ማርያም በዋዜማው ማታ ወደ 24 ያዛወረ ባለርስት አልሰማንም። ይህን ስንል ያ ዘመን ይመለስ ማለታችን አይደለም፤ ሰው ቀኑን አስቀድሞ ማወቁ ከድህነትም ጋር ሊኖር የሚችል ክብር እንደ ነበር ለማሳየት ነው።

ከክፍል ጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ረቂቁን አንብበው ነቀፉን። «ሥራ የሚፈልግ ስንት ሺህ ተመራቂ በየመንገዱ ባለበት ዘመን እናንተ ስለ ኦፍ ታለቅሳላችሁ» አሉን። ሥራ ፈላጊው መብዛቱ እውነት ነው፤ ማታ 3 ሰዓት ላይ እምቢ የማንለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን የሥራ ፈላጊ መብዛት ሠርጉ ከሁለት ወር በፊት መታወቁን አይለውጠውም። ሌላው «ሆቴል ሆቴል ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ቀጠሮ አይዝም» አለን። ይህኛው ክብደት ያለው ነቀፋ ነው፤ እንመልስለታለን። ባለፈው ዓመት የአንዲት የወጥ ቤት ባልደረባችን ወንድም በድንገት ሞተ። ያን ሳምንት ፕሮግራሙ በሙሉ ተገለባበጠ፤ የሁላችንም ኦፍ ተዛወረ፤ አንድ ሰው እንኳ አላጉረመረመም። ለቅሶ ነውና። ተቆጣጣሪዋም ያን ጊዜ «ተብለሃል» አላለችም፤ ደውላ «እባካችሁ እንዲህ ያለ ነገር ደረሰብን፤ ማን ይችላል?» አለች፤ ከሚያስፈልገው በላይ ሰው መጣ። ድንገተኛ የሆነው ነገር ምን እንደሚመስል እናውቃለን ማለት ነው።

በሌላ ሀገር የተሞከረውን ደግሞ እንናገር። በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮና በቺካጎ ጋፕ የሚባለው የልብስ መደብር በአንዳንድ ሱቆቹ የሠራተኛውን ፕሮግራም ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ማሳወቅንና በመጨረሻ ሰዓት አለመለዋወጥን ሞክሮ ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው የተመራማሪዎቹ ጥናት እንደሚለው በነዚያ ሱቆች ሽያጭ በ7 ከመቶ ያህል ጨመረ። እኛን የበለጠ ያስገረመን ግን ሌላው ግኝታቸው ነው። ፕሮግራሙን የሚያናውጠው የገዢው መብዛትና ማነስ ብቻ አልነበረም፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚመጣ ነገር ጭምር ነው፤ የዕቃ ጭነት በተነገረው ቀን አለመድረስ፣ የማስታወቂያ ዕቅድ በመጨረሻ ሰዓት መለወጥ፣ የታላላቅ አለቆች ጉብኝት። ይህን ስናነብ የኛን ተቆጣጣሪ አስታወስናት። ሕግ ያወጡም አሉ። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በሲያትል ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትልልቅ መደብሮችና ምግብ ቤቶች ፕሮግራሙን ከ14 ቀን በፊት ማሳወቅ አለባቸው፤ ከዚያ ወዲያ ከለወጡ ተጨማሪ ይከፍላሉ፤ ሠራተኛውም በኋላ የተጨመረበትን ፈረቃ አልገባም ማለት ይችላል። የኦሪገን ክፍለ ግዛትም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ሕግ አውጥቷል። ሕጎቹ የሚነኩት ትልልቆቹን ኩባንያዎች ብቻ ነው፤ የሠፈሩን ምግብ ቤት አያዩትም። ቢሆንም «አይቻልም» ለሚለን ሰው የተቻለበትን ቦታ ለማሳየት ያገለግላሉ።

እኛ 14 ቀን አልጠየቅንም። በጥር መጀመሪያ አንዲት ገጽ ደብዳቤ ጻፍን፤ 12 የሥራ ባልደረቦቻችንም ፈረሙባት። የጠየቅነው ወረቀቱ ቅዳሜ ከተለጠፈ በኋላ የማንም ኦፍ ቢለወጥ ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት እንዲነገረው ነው፤ ቅጹ ከኛ ሦስት ቀን ስለሚፈልግ ቁጥሩን ከዚያው ነው የወሰድነው። ከዚህ ባጠረ ጊዜ ሰው ካስፈለገ ለሁሉም ተጠይቆ በፈቃዱ የሚገባው በአንቀጽ 68 መሠረት እጥፉ ይከፈለው፤ የሐኪም ቀጠሮና የፈተና ቀን በማስረጃ ከቀረበ ደግሞ ጭራሽ አይነካ አልን። በመጨረሻም የለወጠው ሰው ስሙን በወረቀቱ ላይ ይጻፍ ብለን ጨመርን። ወዳጃችን የሕግ ተማሪው ይህችን የመጨረሻዋን «አውጡት፤ ታስቆጣለች» ብሎ መክሮን ነበር። አላወጣናትም፤ ከሁሉ የምንፈልጋት እርሷን ናትና።

ተቆጣጣሪዋ ደብዳቤዋን አንብባ አጥፋ በቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት። «ትሰጪያቸዋለሽ?» ብንላት «እሰጣለሁ፤ እኔም ብፈርም ደስ ባለኝ» አለች። አልፈረመችም። ኃላፊው ደርሷቸው እንደ ሆነ እስካሁን የነገረን የለም። ከፈረሙት አንዱ በሚቀጥለው ሳምንት ፕሮግራም ላይ ስድስቱም ቀን ማታ ሆኖ አገኘው፤ የማታ ተማሪ ነው። አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ ላይ የማንም ስም ስለሌለ የምንጠይቀው አላገኘንም።

ለተማሪዎች ማኅበራችን አንድ ጥያቄ አለን። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ የማታውና የቅዳሜ እሑዱ ክፍል የፈተና ቀኖች ማኅተም ባለው ወረቀት እንዲወጣ ከሬጅስትራሩ ጋር ቢነጋገርልን፣ ለአሠሪዎቻችን የምናሳየው ነገር ይኖረናል። አሁን የያዝነው በግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ማስታወቂያ በስልክ ያነሣነውን ፎቶግራፍ ነው፤ «ይህማ ማንም ሊጽፈው ይችላል» ተብለን ተመልሰናል። እንደኛ የምትሠሩ እኅቶችና ወንድሞችም ማታ የሚደርሳችሁን መልእክት አታጥፉት፤ ሰዓቱንና ቀኑን እንደ ያዘ አስቀምጡት፤ የተለጠፈውን ወረቀትም ቅዳሜ ዕለት አንሡት። በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ማክሰኞ ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ እንገኛለን፤ ከተጠራን ደግሞ ከአራታችን ያልተጠራው ይገኛል። የባልንጀራችን እናት አዲሱ ቀጠሮ ለመጋቢት 17 ነው። ቅጹ ተሞልቷል።